የሚሸት ቤት ሲሸጥ

(ጎንደር ውስጥ በአንድ የሰፈር እድር አዳራሽ ለቤት ባለቤቶችና ለደላሎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ወንበር አጥታችሁ በሩ ላይ የቆማችሁ ግቡ፤ ከኋላ ድስቶቹ አጠገብ ቦታ አለ።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ይህ አዳራሽ አሁን ምን ምን ይሸታል?

ዝም አላችሁ። እኔ ከአንድ ሰዓት በፊት ወንበር ለመደርደር ስገባ ሸራ ሸራ፣ ላምባ ላምባ፣ ትንሽም አይጥ አይጥ ይሸት ነበር። የእድሩ ድንኳን እርጥብ እንደተጠቀለለ ከርሟል መሰለኝ፤ ዳኛው እዚህ ስላሉ ይስሙልኝ። አሁን ግን እኔም እንደ እናንተ ምንም አይሸተኝም። ሽታው እዚሁ አለ፤ አፍንጫዬ ነው የተወው።

የዛሬው ነገሬ ከዚህ አይርቅም። ቤት ሸጦ የሚያውቅ፣ ለመሸጥ ያሰበ፣ ወይም የሰው ቤት እያሻሻጠ የሚኖር ሰው እዚህ ሞልቷል። ስለ ካርታው፣ ስለ ካሬው፣ ስለ መንገዱ ስፋት ከኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ የማወራችሁ ገዢው በሩን አልፎ ሦስት እርምጃ ሳይራመድ ስለሚወስነው፣ ግን ፊት ለፊት ፈጽሞ ስለማይነግራችሁ ነገር ነው።

እኔ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነበርኩ። 27 ዓመት ሙሉ ለዚህ አገር ልጆች ስለ አሞኒያ፣ ሽንት ሲቆይ ስለሚሸተው ጋዝ፣ አስተምሬያለሁ። የገዛ እናቴ ቤት አሞኒያ አሞኒያ እየሸተተ ስምንት ወር ገዢ ሲያጣ ግን አላወቅሁም። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚባለው እንግዲህ ለኔ ነው።

ቤቱ ወደ ቁስቋም በሚወስደው መንገድ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ነው። እናታችን ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ቆይታ ካረፈች በኋላ እኛ አራት ልጆቿ ተስማምተን ለሽያጭ አወጣነው። ከጥር እስከ ነሐሴ አሥራ አንድ ገዢ መጥቶ አየው። አሥራ አንዱም ቤቱን አመሰገኑ። «ግቢው ሰፊ ነው፣ ጎረቤቱ ጨዋ ነው፣ ተመካክረን እንደውላለን» ብለው ሄዱ። አንድም የደወለ የለም። ደላላችን ዋጋ ቀንሱ አለን፤ ቀነስን። አሁንም ቀንሱ አለን፤ አሁንም ቀነስን። ታላቅ እህቴ ቤቱ ላይ ዓይን አርፎበታል ብላ ጠበል አስረጨች።

ያዳነችን ከበራችን ፊት ለፊት ሽንኩርትና ቲማቲም በጉልት የምትሸጥ ሴት ናት። ገዢዎቹ ከግቢያችን ሲወጡ ባጃጅ የሚጠብቁት እሷ ፊት ቆመው ነው። ውስጥ በጨዋነት አፍነው የያዙትን ሁሉ እዚያ ያፈሱታል። መስከረም ላይ ቲማቲም ልገዛ ቆሜ «ይህ ቤት ምን ነካው?» ብዬ ባማርራት ቀና ብላ አየችኝ። «መምህር፣ እውነት አታውቁም?» አለችኝ። ከዚያ ቆጠረችልኝ። አንዷ ሴትዮ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ሳሎን ውስጥ ያለ ነው የሚመስለው ብላለች። አንዷ ባሏን «እምክ እምክ ሲል አልሸተተህም?» ብላዋለች። ሁለት ወንድማማቾች «በሽተኛ የተኛበት ቤት ነው፣ ይቅርብን» ተባብለዋል። ለምን እስካሁን አልነገርሽንም ብላት፣ «የምታውቁት መስሎኝ ነው። ደግሞስ እናታችሁን ቀብራችሁ ቤታችሁ ይሸታል ብዬ እንዴት አፌን ልክፈት?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔም ብሆን አልናገርም ነበር።

እስቲ አስቡት፤ ሽታን ለመግለጽ አማርኛችን ሀብታም ነው። ከመዓዛ ጀምሮ ጠረን፣ ሽታ፣ ክርፋት፣ ግማት፣ ጥንባት እያለ በደረጃ ይወርዳል። ስም ያላወጣንለትን ደግሞ ሁለቴ ጠርተን እንገላገላለን፤ ጭስ ጭስ፣ ቅቤ ቅቤ፣ ሽንት ሽንት ይላል እንላለን። ይህን ሁሉ ቃል የታጠቁ አሥራ አንድ ሰዎች ከነቤተሰባቸው ገብተው ወጡ፤ ይሉኝታ አንዷን ቃል እንኳ አላስወጣቸውም። በሌላው ነገር እንዲህ አይደለም። ጣሪያው ሲያፈስ ያየ ገዢ ደስ ብሎት ይናገራል፣ ዋጋ ማስቀነሻ ነዋ። ቤታችሁ ይሸታል ማለት ግን እናንተ ትሸታላችሁ ማለት ይመስላል። ስለዚህ ደላሎች፣ «እንደውላለን» የሚሉ ሰዎች ሲበዙባችሁ ከዋጋው በፊት አፍንጫችሁን ጠይቁ። የራሳችሁን ሳይሆን የሰው አፍንጫ ማለቴ ነው።

የራሳችን ለምን እንደማያገለግል ላስረዳ። አፍንጫችን ውስጥ፣ ከላይ ጣሪያው ላይ፣ ሽታን የሚይዙ ወደ 400 የሚጠጉ ዓይነት ተቀባዮች አሉ። ተቀባዮቹን ያገኙት ሊንዳ በክና ሪቻርድ አክሰል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ናቸው፤ ጽሑፋቸው በ1991 እ.ኤ.አ. ወጣ፣ በ2004 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አስገኘላቸው። ተቀባዮቹ አንድ ሽታ ሳይቋረጥ ሲመጣባቸው ይደክማሉ፤ አንጎልም ያልተለወጠን ነገር እንደ ወሬ አይቆጥረውም። ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። እናታችንን ሁለት ዓመት ያስታመምን እኛማ ቤቱ የሚሸተን መስሎን ስንገባ የሚሸተን ሌላ ነገር ነበር፤ እናታችን እናታችን ይለን ነበር።

ሁለተኛው ነገር መንገዱ ነው። ዓይንና ጆሮ የሚልኩት መልእክት አንጎል ውስጥ መጀመሪያ ታላመስ የሚባል ማዕከል ያልፋል። እንደ ባለጉዳይ ዘበኛው ጋ ይቆማል፣ ይመዘገባል፣ ከዚያ ይገባል። ሽታ ግን እንደ ቤት ልጅ ነው። በር ላይ ሳይጠየቅ ስሜትና ትዝታ ወደሚያድሩባቸው ክፍሎች፣ አሚግዳላና ሂፖካምፐስ ወደሚባሉት፣ ጓዳ ድረስ ዘው ይላል። ለዚህ ነው ገዢው የሳሎኑን ስፋት ለክቶ ሳይጨርስ ልቡ የሚሸሸው። ለምን እንደሆነ ራሱም ላያውቅ ይችላል። ከዚያ በኋላ ኮርኒሱ ዝቅ አለብኝ፣ ኩሽናው ጠበበኝ እያለ ምክንያት ይፈልጋል። እኛ ደግሞ ሄደን ኩሽና እናሰፋለን!

የሠራነውን ስህተት መጀመሪያ ልናዘዝ። የጉልቷን ሴት ወሬ የሰማን ለት ደላላችን «ይሄማ ቀላል ነው፣ እጣን ነው» አለ። እጣን ደግሞ እንደኛ አገር የት ይገኛል? የእጣኑ ዛፍ በመተማና በቋራ ቆላ ይበቅላል፤ እኛ ከምንጩ አፍ ነን። ገዢ ሊመጣ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ከሰል አቀጣጥለን ቤቱን አጠንነው። ሽንት ቤት ናፍታሊን ጣልን። ወንድሜ ደግሞ ከዱባይ የመጣ የሚረጭ ሽቶ ጨመረበት። የመጡት ባልና ሚስት አምስት ደቂቃ አልቆዩም። በኋላ ጉልቷን ሴት ብጠይቃት ሚስትየዋ «ምን እየደበቁን ነው?» ማለቷን ነገረችኝ፤ ባልየው ደግሞ ቤቱ ውቃቢ የሚለመንበት መስሎት ነበር አሉ። ማክሰኞ በጠዋት፣ በዓል ሳይኖር፣ ቡና ሳይቀርብ ቤት ሙሉ እጣን ሲጨስ ያየ የጎንደር ሰው ሌላ ምን ይበል?

ኬሚስትሪውም ከሱ ጋር ነው። እጣን የአሞኒያን ሞለኪውል አያጠፋውም፤ ሁለቱ አየር ላይ ጎን ለጎን ይንሳፈፋሉ፣ አፍንጫም ሁለቱን አንድ ላይ ተቀብሎ ሦስተኛ፣ ስም የሌለው ነገር ያደርጋቸዋል። ጥሩ ሽታ እንኳ ሲበዛና ሲደባለቅ ጥቅሙ ይጠፋል። በስዊዘርላንድ አንድ የቤት ማስዋቢያ ዕቃ መደብር ውስጥ የተሠራና በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ አንዳንድ ቀን የብርቱካን ሽታ ብቻ፣ አንዳንድ ቀን ብርቱካን ከባሲልና ከአረንጓዴ ሻይ ጋር የተቀላቀለበትን፣ ሌላ ቀን ምንም ሳይጨምሩ ሸማቹን ተከታተሉ። ብርቱካን ብቻ በሸተተበት ቀን ሸማቾች በአማካይ 20 በመቶ ያህል ብልጫ ያለው ገንዘብ አወጡ። ድብልቁ ግን ምንም ካልተጨመረበት ቀን ያን ያህል አልተለየም። አእምሯቸው ሽታውን በመፍታት ስለሚጠመድ ነው ይላሉ። እኛ ደግሞ እጣን፣ ናፍታሊን፣ የዱባይ ሽቶና ሽንት አንድ ላይ አቅርበን ገዢን እንቆቅልሽ ስንጠይቀው ነበር።

ከሰል ካነሳሁ ሳልረሳው፣ በተዘጋ ቤት ከሰል አታቀጣጥሉ። እጣኑ ይሸታል፤ ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታ የለውም፣ ሰው ይገድላል። ሽታ ሁሉ ጠላት አይደለም፤ የሚሸት ነገር ቢያንስ መኖሩን ይነግራችኋል።

እንግዲህ መሸፈኑን ትተን መፈለግ ጀመርን። ፈላጊ አድርገን ያመጣነው ከባሕር ዳር የመጣውን የእህቴን ልጅ ነው፤ ዓመት ሙሉ ቤቱን አልረገጠም ነበር። ውጭ ቁርስ አብልተን፣ ንጹሕ አየር አስተንፍሰን፣ አንድ ክፍል ብቻ እያስገባን «ምን ሸተተህ?» እያልን አስወጣነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ቢያይ አፍንጫው ስለሚለምድ ነው እንዲህ ያደረግነው። ልጁ አፍሮ ነበር። ጎበዝ፣ እንደ ሐኪም ተናገር አልነው።

መታጠቢያ ቤቱ የገማ ዕንቁላል ይሸታል አለ። ይህ ከሁሉ ቀላሉ ሆኖ ተገኘ። ወለሉ ላይ ካለው የውሃ መውረጃ ሥር የተጠማዘዘ ቧንቧ አለ፣ ቧንቧ ሠራተኞች ሳይፈን ይሉታል። ጥምዝ ላይ የሚቀር ትንሽ ውሃ አለ፤ ያ ውሃ ነው ከጉድጓዱ የሚመጣውን አየር የሚያግደው። እናታችን ካረፈች በኋላ እዚያ ማንም አልታጠበም። ውሃችን ደግሞ እንደምታውቁት በፈረቃ ነው፣ ሲመጣም በርሜል መሙላት እንጂ ወለል ማጠብ አይታሰብም። ጥምዙ ላይ ያለው ውሃ ደረቀ፣ የገማ ዕንቁላል የሚሸተው ጋዝ፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፣ ያለ ከልካይ ወጣ። መድኃኒቱ አንድ ጆግ ውሃ ነበር። ስምንት ወር ሙሉ አንድ ጆግ ውሃ! ቤታችሁ ባዶ የሚቆይ ከሆነ በሳምንት አንዴ ውሃ ጨምሩበት፤ ላዩ ላይ አንድ ሁለት ማንኪያ ዘይት ብታደርጉበት ቶሎ አይተንም። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፦ ይህ ጋዝ በጣም ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፣ መሽተቱን ያቆማል። ጉድጓድ ሊያጸዳ የሚገባ ሰው «አሁንስ አይሸትም» ካለ የባሰው ያኔ ነው፤ ቶሎ አውጡት።

የእናታችን ክፍል ከበደ። ሽንት ውስጥ ያለው ዩሪያ መጀመሪያ ሽታው ያን ያህል አይደለም፤ ባክቴሪያ ሲያገኘው ነው ወደ አሞኒያ የሚለወጠው። ፍራሹን ከቀብሩ በኋላ አውጥተናል፤ ሊሾው ግን ጠጥቶት ነበር። ሲሚንቶ ዓይን የሚያየው ድንጋይ ይምሰል እንጂ እንደ ስፖንጅ ነው። ታጥቦ ሲደርቅ ሽታው ይጠፋል፤ ዩሪክ አሲዱና ጨዉ ግን ውስጥ ይቀራሉ፣ ክረምት ገብቶ እርጥበት ሲያገኙ እንደገና ይነቃሉ። ገዢዎቹ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ለምን እንደሸሹ ያን ጊዜ ገባኝ።

እህቴ በረኪና ልታፈስበት ተነሣች። እጇን ይዤ ነው ያስቀረኋት፤ እናንተም ስሙኝ። በረኪና ከሽንት አሞኒያ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባል ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣዋል። ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ራሱን ክሎሪንን ይለቃል። «ሁለቱም ያጸዳሉ፣ ሁለቱን ባንድ ላይ ላድርጋቸው» ያለች ሴት ራሷን ስታ የወደቀችበትን ቤት አውቃለሁ። እኛ መጀመሪያ በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግመን አጠብነው። ከዚያ አቼቶ በውሃ አቅጥነን አፈሰስንበት፤ አቼቶ አሲድ ነው፣ አሞኒያን ወደማይተን ጨው ይለውጠዋል። አጥበን አደረቅነው፣ ቤኪንግ ሶዳ ነሰነስንበት፣ አሳድረን ጠረግነው። ሦስት ጊዜ ደገምነው። በመጨረሻም ከአልጋው ሥር የነበረውን ሊሾ አንድ ሜትር በሁለት ሜትር ያህል አስፈንቅለን አዲስ አስደረግን። ከሁሉ በላይ የሠራው ግን መስኮት ነው። ያ መስኮት ብርድ እንዳይመታት ብለን ሁለት ዓመት በማዳበሪያ ጆንያ ደፍነነው ነበር።

አሁን ወደ ግድግዳው ልሂድ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ ታገሡኝ፣ ጎንደር ላይ ለዚህ ነገር መልሱ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነውና።

ቤታችን የጭቃ ነው። እንጨት፣ ጭቃ፣ ጭድ። እንዲህ ያለ ቤት መጥፎ ሽታ የለውም፤ በእበት ተለስኖ ሲደርቅ እንዲያውም ደስ የሚል ነው። ጭቃ ውሃ ይጠጣል፣ ፀሐይ ሲወጣ መልሶ ይተነፍሰዋል። አባቴ ግን ሰው ሁሉ ሲያደርግ አይቶ ከውጭ በሲሚንቶ ለሰነው። ስልጣኔ ነበራ። ዓመታት ሲያልፉ ሲሚንቶው ፀጉር በሚያህል ስንጥቅ ተሰነጣጠቀ። በዚያ ላይ አሸንዳው ተበስቶ የጣሪያውን ውሃ በሙሉ አንድ ጥግ ላይ ያወርደው ነበር። ውሃው በስንጥቁ ገባ። መውጫ ግን የለውም፣ ሲሚንቶው አሽጎታል። ውስጥ ያለው ጭድ ሻገተ፣ ማገሩ መበስበስ ጀመረ። «እምክ እምክ» የሚባለው ይኸው ነው፤ ሻጋታ የሚተነፍሰው ጋዝ። ከሱ ጋር ጂኦስሚን የሚባል፣ የአፈር ባክቴሪያዎች የሚሠሩት ነገር አለ፤ የመጀመሪያው ዝናብ መሬት ሲነካ የሚሸተን እሱ ነው። ሰው ይህን ነገር ከትሪሊዮን ጥቂት ክፍል ብቻ ሆኖ እንኳ ያሸተዋል። ደጅ ሲሆን ደስ ይላል፤ መኝታ ቤት ሲሆን «ቤቱ ውሃ ያስገባል» የሚል ምስክር ነው። የሸሹት ሰዎች አፍንጫቸው አልዋሻቸውም።

መፍትሔውን ለማየት ከዚህ ፒያሳ ድረስ በእግር መሄድ ይበቃል። የፋሲል ግቢ ግንቦች በድንጋይና በኖራ ነው የተሠሩት። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጣሊያኖች ሲጠግኗቸው ሲሚንቶና ብረት ያለው ኮንክሪት ተጠቀሙ። ከዓመታት በኋላ ለግንቦቹ የማይስማማ ሆኖ ስለተገኘ፣ በኋላ የመጡ ጠጋኞች ያን እያነሡ በኖራ ተኩ። ምክንያቱ ከእናቴ ግድግዳ አይለይም። ኖራ ውሃን በትነት መልክ ያሳልፋል፤ ሲሚንቶ ያፍነዋል። ደግሞ ኖራ ኃይለኛ ቤዝ፣ የአሲድ ተቃራኒ፣ ነው፤ ሻጋታ ኖራ ላይ ለመብቀል ይቸገራል። አያቶቻችን ግድግዳ ነጭ ኖራ ሲቀቡ ጌጥ ብቻ አልነበረም።

እኛም መጀመሪያ አሸንዳውን ቀየርን፤ ሳይቀየር የተሠራው ሁሉ ከንቱ ነበር። ከዚያ የተጎዳውን ጥግ ሲሚንቶ አራገፍን፣ የበሰበሰውን ማገር አወጣን፣ በጭቃና በጭድ አስመረግን፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ፀሐይና ንፋስ አስመታነው፣ በመጨረሻ ኖራ ተቀባ። ለጥምቀት እንግዳ የሚቀበሉ ጎረቤቶቻችን በየቤታቸው አዲስ ቀለም ሲቀቡ እኛ ገና ግድግዳ እናደርቅ ነበር። ቶሎ ቀብታችሁ ሽጡት ያለን ሰው አልጠፋም። እርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም እስከ ሰኔ ያቆያል፣ ከዚያ እንደ ቆዳ ይላጣል። ደግሞ ያን ማድረግ የሰው ገንዘብ መብላት ነው። በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ እኛ የምንሸጠው ቤቱን ነው። ቤቱ ግድግዳው ነው። ግድግዳው በስብሶ ሳለ ሽታውን አፍኖ የሚሸጥ ሰው ምን እየሸጠ ነው?

ኩሽናውን ባጭሩ ልለፈው። ቁሌት፣ በርበሬ፣ ጭስ፣ ንጥር ቅቤ፤ ሁሉም ስባቸው ተንኖ አንድ ቦታ ያርፋል። የኛ ቤት ላይ ያረፈው የአቡጀዲው ኮርኒስ ላይ ነበር። ቅቤ ሲቆይ ቡቲሪክ አሲድ ይለቃል፤ ግም ያለው የቆየ ቅቤ ሽታ እሱ ነው። አርባ ዓመት የተጠራቀመበትን ጨርቅ ማጠብ አይታሰብም፤ ቀደን ጣልነው። ሲወርድ ጥላሸቱ ሁላችንንም አጠቆረን። ሲጋራ የሚጨስበት ቤትም እንዲሁ ነው፤ ኒኮቲኑ ግድግዳና መጋረጃ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፣ ሳይታጠብ በላዩ ቀለም ቢቀቡት ተመልሶ ይመጣል።

እዚህ ላይ ከውጭ አገር ምክር ጋር እለያያለሁ። እዚያ ቤት የሚሸጥ ሰው ወይ ቤቱ ምንም እንዳይሸት አድርግ ይባላል፣ ወይ ገዢ ሲመጣ ዳቦ ጋግር ይባላል። ምንም የማይሸት ቤት እኛ ዘንድ ገና ሰው ያልገባበት፣ ወይ ሰው የለቀቀው ነው። «ሰው ሰው ይሸታል» ስንል እናመሰግናለን እኮ! ዳቦውን በቡና እንተካው የምትሉ ደላሎች አላችሁ፤ ጥሩ ነው፣ ግን ቡና ከተቆላ ማጠጣት ግድ ነው። ገዢው በጭሱ አልፎ እንዲሄድ ብቻ ቆልታችሁ ሲኒ ካላቀረባችሁ ከሽታውም የከፋ ነውር ነው። ካቀረባችሁ ደግሞ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ አንድ ሰዓት ይቀመጣል፤ በዚያ ሰዓት ውስጥ ቡናው የሸፈነው ሁሉ ይወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ቤቱን አጽዱ፣ ቡናው በኋላ።

የመጪውንም ሰው አስቡ። ረቡዕና ዓርብ፣ ይልቁንም በሁዳዴ፣ ዶሮ ወጥ የሚሸት ቤት ውስጥ ጿሚ ገዢ ገብቶ ልቡ አይረጋም። ከአዲስ ዓለም ሰፈር የሚመጣ ሙስሊም ወንድማችን ደግሞ ጓዳው ጠላ ጠላ፣ አረቄ አረቄ የሚል ከሆነ ለልጆቹ የሚሆን ቤት አድርጎ ሊያየው አይችልም። ይህ ክፋት አይደለም፤ ሰው ቤት ሲገዛ ራሱን እዚያ ውስጥ ሲኖር እያየ ነው።

ከመጨረሻው ገዢ ጋር የሆነውን ነግሬያችሁ ልጨርስ። ሰኔ መግቢያ ላይ፣ ሌሊቱን ከባድ ዝናብ ጥሎ ባደረ ማግሥት፣ አንዲት ሴት ከእናቷ ጋር መጣች። ቀኑን የመረጡት እናትየዋ ናቸው፤ ደላላው ነገ አድርጉት ቢላቸው እምቢ ብለዋል። አሮጊቷ ሳሎኑን ቀና ብለው አላዩትም። ቀጥ ብለው ወደዚያ ወደተጠገነው ጥግ ሄደው መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ፣ ጎንበስ ብለው አሸተቱ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ ከጉልቷ ሴት ቲማቲም ገዝተው እንደገቡ ግን አይቻለሁ። እኔም የተጠገነውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ አሸንዳውን፣ ማገሩን፣ የተፈነቀለውን ሊሾ። ሰምተው ዝም አሉ።

ከዚያ ጓዳ ገቡ። ጓዳው ጥግ ላይ የእናቴ የጠላ ጋን ነበር፤ በየዓመቱ ለጥምቀት የምትጠምቅበት፣ በግራዋ አጥባ በወይራ የምታጥነው። ሽታ እናጠፋለን ስንል ልንሰብረው ሁለት ጊዜ አውጥተን ሁለት ጊዜ መልሰነዋል። አሮጊቷ ክዳኑን አንሥተው ራሳቸውን ጋኑ ውስጥ አስገቡ። ቆዩ። «የማን ነው ይሄ?» አሉኝ። የእናቴ ነው አልኳቸው። «ወይራው አለ» አሉ። ወደ ልጃቸው ዞረው «ይሄን እንዳይወስዱት ውሉ ላይ አስጽፊ» አሉ።

ውል ላይ ጋን ሲጻፍ ያየሁት ያን ቀን ነው። በስንት ሸጣችሁት ለምትሉኝ፣ ደላሎቹ ባሉበት አልናገርም። የቀነስነውን ዋጋ መመለሳችንን ግን እወቁልኝ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ እስከዚያ ከኋላ ያላችሁ ልጆች ያንን ድንኳን ወደ ፀሐይ አውጡልን።